ሰማይን የሚከሱ ግጥሞች፦ የጥንታዊት ቻይና ጥርጣሬ በምን ላይ ነው?

ፍኖት፦

ሰላም ለሁላችሁ። በየመግቢያ መጽሐፉ የሚጻፈው አንድ ዓይነት ነው፤ የቻይና ሊቃውንት ነገረ መለኮት አላስጨነቃቸውም፣ ኮንፊሽየስም ስለ መናፍስት ማውራት አይወድም ነበር ይባላል። ወደ ግጥሞቹ ሲገባ ግን ሰማይን የሚለምን፣ የሚወቅስ፣ አንዳንዴም የሚራገም ሰው ነው የሚገኘው። ማንም የማያምንበትን ነገር እንዲህ አይከስም። ሌላም ግራ የሚያጋባ አለ፦ ያው ገጣሚ በአንዱ ግጥም «ሞትን ያመለጡ የሚባሉት ሰዎች ተረት ናቸው» ይልና በሌላው አብሯቸው ደመና ላይ ሲንሸራሸር ይታያል።

ጥርጣሬያቸው በትክክል ያረፈው ምን ላይ ነው? አንድ ግጥም ሳነሳ ከምን ልጀምር፣ ምንስ እንዳያሳስተኝ ልጠንቀቅ? ቻይንኛ አላውቅም፤ የማነበው በትርጉም ነው።

ቀርከሃ፦

እህቴ ፍኖት፣ የመልሱ ግማሽ ጥያቄሽ ውስጥ አለ። ክስ የሚቀርበው ዳኛ አለ ተብሎ ነው። አብዛኞቹ የጥንት ጽሑፎች «አለ ወይስ የለም?» አይሉም። የሚሉት «ይሰማል ወይ? ፍርዱ ቀና ነው ወይ? መሥዋዕቱስ ፋይዳ አለው ወይ?» ነው። እነዚህን ጥያቄዎች ሳይለዩ ማንበብ ነው አብዛኛውን አንባቢ የሚያሳስተው።

ከአጥንቶቹ እንነሣ። ከክርስቶስ ልደት በፊት 1200 ገደማ በሻንግ ነገሥታት መቀመጫ፣ በዛሬዋ አንያንግ፣ ንጉሥ ዉ ዲንግን አንድ ነገር ሲያሳስበው የበሬ ትከሻ አጥንት ወይም የኤሊ የሆድ ቅርፊት ይዘጋጅ ነበር። በጀርባው በኩል ትንንሽ ጉድጓዶች በረድፍ ይቦረቦራሉ፤ እስከ ማዶ አይበሱም፣ ስስ ሽፋን ይቀርላቸዋል። ጉድጓዱ በእሳት ሲግል በፊት በኩል ቀጥ ብሎ የወረደ ስንጥቅና ከጎኑ የወጣ ቅርንጫፍ ይታያል፤ የሚነበበው እሱ ነው። ጉዳዩ ብዙ ጊዜ በጥንድ ይቀርባል፣ በአንድ ወገን «ይዘንባል»፣ በሌላው «አይዘንብም» ተብሎ። የተሟላ ጽሑፍ አራት ክፍል አለው፦ ቀኑና የጠያቂው ስም፣ ጉዳዩ፣ የንጉሡ ንባብ፣ በመጨረሻም የሆነው ነገር። ከሁሉ የታወቀው የንጉሡ ሚስት የፉ ሃኦ ወሊድ ነው። ንጉሡ «በዲንግ ቀን ብትወልድ መልካም፣ በገንግ ቀን ብትወልድ እጅግ መልካም» ብሎ አነበበ። ከ31 ቀን በኋላ በጂያዪን ቀን ወለደች፤ ጸሐፊውም «መልካም አልሆነም፣ ሴት ናት» ብሎ ቀረጸ። (ፍርዱ የዘመኑ ነው።) እዚህ ማንም የመናፍስትን መኖር አይጠራጠርም፤ ጭንቀቱ ሐሳባቸውን ማወቅ ነው። ውጤቱን ግን ከትንቢቱ ጎን አኑረውታል።

ጥርጣሬ ወደ ጽሑፍ የገባው ከዙፋኑ በኩል ነው፤ ይህ ብዙ ሰው የማይጠብቀው ነው። 1046 ቅ.ል.ክ. ገደማ ጆው የተባለው ሥርወ መንግሥት ሻንግን ገልብጦ ሲነግሥ «ሰማይ ትእዛዙን ከእነርሱ ወስዶ ለእኛ ሰጠ» አለ። ከአንዱ የተወሰደ ግን ከሌላውም ይወሰዳል። ስለዚህ ሻንግሹ በተባለው የሰነዶች መጽሐፍ የጆው መስፍን ራሱ «ሰማይ አይታመንም» ሲል እናገኘዋለን። ሺጂንግ የተባለው የ305 ግጥሞች ስብስብም በ235ኛው ግጥም «የሰማይ ትእዛዝ ቋሚ አይደለም» ይላል። ተናጋሪዎቹ ድል አድራጊዎቹ ናቸው፤ የሚያስጠነቅቁትም የገዛ ወራሾቻቸውን ነው።

ከዚያ ወደ 258ኛው ግጥም፣ «ዩን ሃን» ወደሚባለው እለፊ። 8 አንጓ አለው፣ እያንዳንዱ 10 ስንኝ። ከ827 እስከ 782 ቅ.ል.ክ. በነገሠው በንጉሥ ሹዋን ዘመን ስለተነሣ ድርቅ ነው የሚባለው። ንጉሡ የከፈለውን ይቆጥራል፦ ያልሠዋንለት መንፈስ የለም፣ የሳሳንለት ከብት የለም፣ የጄድ ድንጋዮቻችን አልቀዋል፣ ታዲያ ስለምን አንሰማም? ይህን ብቻ ቆርጦ የጠቀሰ ሰው «የክሕደት ግጥም» ይለዋል። የመጨረሻው ስንኝ ግን ወደ ታላቁ ሰማይ ቀና ብሎ «ዕረፍትን መቼ ትሰጠን ይሆን?» ይላል። ምሬቱም ልመናውም በአንድ ትንፋሽ ነው የሚወጣው።

131ኛው፣ «ቢጫዋ ወፍ»፣ ይበልጥ ያስገርማል። በ621 ቅ.ል.ክ. የቺን ገዢ ሙ ሲሞት 177 ሰዎች አብረውት ተቀበሩ፤ ከእነርሱ ሦስቱ በደግነታቸው የታወቁ ወንድማማቾች ነበሩ። ግጥሙ በየአንጓው አንዱን በስሙ ያለቅሳል፣ ከዚያም «ያ ሰማያዊ ሰማይ ደጉን ሰዋችንን ፈጀው!» ይላል። ሰው በሰው ላይ ያደረገው ነው፣ ክሱ ግን ሰማይ ዘንድ ቀረበ። 193ኛው ተቃራኒውን ይናገራል። በፀሐይ ግርዶሽ ይከፍትና «ክፉ ምልክት ነው» ይላል፤ ወደ ኋላ ግን «የሕዝቡ መከራ ከሰማይ አይወርድም፤ ፊት ለፊት መለፍለፍ፣ ከጀርባ መጠላላት፣ ይህ የሰው ሥራ ነው» ብሎ ይዞራል። ግርዶሹንም የሰውንም ጥፋት አንድ ግጥም ይዟቸዋል፤ አንዱን መርጦ ሌላውን መጣል አያስፈልግም።

ስለ ኮንፊሽየስ (551–479 ቅ.ል.ክ.) የሚባለው ንግግሮቹ ከተሰበሰቡበት መጽሐፍ ከሉንዩ 7.21 ብቻ የተነቀሰ ነው፦ ስለ ተአምር፣ ስለ ጉልበት፣ ስለ ሁከትና ስለ መናፍስት አይናገርም ነበር። እሱን ከ3.12 ጋር አንብቢው፦ ለመናፍስት ሲሠዋ ፊቱ እንዳሉ ሆኖ ይሠዋ ነበር፤ «ራሴ ካልተገኘሁበት እንዳልሠዋሁ ነው» ይላል። ከ7.35 ጋርም፦ ታሞ ሳለ ደቀ መዝሙሩ ልጸልይልህ ሲለው «ጸሎቴ ከተጀመረ ቆይቷል» አለ። ከ11.9 ጋርም፦ የሚወደው ያን ሁዪ ሲሞት «ወዮ! ሰማይ አጠፋኝ! ሰማይ አጠፋኝ!» ብሎ ጮኸ። ይህ ግድ የሌለው ሰው ድምፅ አይደለም። ዝም ያለው ስለማያውቀው ነገር ላለመፍረድ ነው፤ ሥርዓቱን ግን አንድም ጊዜ አልተወም።

ዘመነ ሃን፦

ወንድሜ ቀርከሃ በአብዛኛው ልክ ነው፤ «አለ ወይስ የለም» የሚለውን ግን በቶሎ ዘሎታል። ጥያቄው በግልጽ ተጠይቋል፣ ለዚያውም በዘዴ።

ሞዚን ውሰዱ፤ በ5ኛው መቶ ዓመት ቅ.ል.ክ. የነበረ፣ በመናፍስት አጥብቆ የሚያምን ሰው ነው። በምዕራፍ 35 ለማንኛውም አባባል ሦስት መፈተኛ ያስቀምጣል፦ የጥንት ጠቢባን ነገሥታት ምን አደረጉ፣ ሕዝቡ በዓይኑና በጆሮው ምን መሰከረ፣ በሥራ ላይ ሲውልስ አገር ይጠቅማል ወይ። በምዕራፍ 31 ይህን መፈተኛ ይዞ መናፍስት እንዳሉ ይከራከራል። ምዕራፉ መጀመሪያ ሦስት ክፍል ነበረው፤ የደረሰን ሦስተኛው ብቻ ነው። መጨረሻው ላይ አንድ ማፈግፈጊያ ያኖራል፦ መናፍስት ባይኖሩ እንኳ ወይኑና ምግቡ ቦይ ውስጥ አይደፋም፣ ዘመድና ጎረቤት ተሰብስቦ ይበላዋል። አማኝ የሆነ ሰው እንዲህ ያለ ማፈግፈጊያ የሚያዘጋጀው ከፊቱ የሚክድ ተከራካሪ ሲኖር ነው። ተከራካሪውም በምዕራፍ 48 በስሙ ይመጣል፤ ጎንግመንግ ይባላል። «መናፍስት የሉም» ይላል፣ ወዲያውም «ጨዋ ሰው የመሥዋዕትን ሥርዓት መማር አለበት» ይላል። ሞዚ ሲመልስ፦ እንግዳ ሳይኖር የእንግዳ አቀባበል እንደ መማር ነው፣ ዓሣ ሳይኖር መረብ እንደ መሥራት ነው።

ቀርከሃ «ሥርዓቱን አልተወም» ያለው ነገር የሚፋጠጠው እዚህ ላይ ነው። በ3ኛው መቶ ዓመት ቅ.ል.ክ. የኮንፊሽየስ ተከታይ የሆነው ሹንዚ የጎንግመንግን ወገን ይዞ ይመልሳል። በምዕራፍ 17፦ የዝናብ መሥዋዕት አድርገን ዘነበ፣ ለምን? ለምንም፤ ባይደረግም እንደሚዘንበው ነው የዘነበው። ግርዶሽ ሲሆን ከበሮ እንመታለን፣ በድርቅ እንጸልያለን፣ ከትልቅ ውሳኔ በፊት ሟርት እንጠይቃለን፤ የፈለግነውን እናገኛለን ብለን ሳይሆን ለኑሯችን ጌጥና ወግ እንዲሆን ነው። ጨዋው እንደ ወግ ያየዋል፣ ሕዝቡ እንደ መንፈስ ሥራ፤ እንደ ወግ ማየት ይበጃል፣ እንደ መንፈስ ማየት ይጎዳል። በእኔ ፍርድ ከሞዚ ይልቅ ይህ መልስ አደገኛ ነው። ሥርዓቱን ሙሉ በሙሉ እየጠበቀ ውስጡን ባዶ ያደርገዋል፣ አማኙም ከውጭ ሆኖ ሊለየው አይችልም።

ዋንግ ቾንግ (እ.ኤ.አ. 27–97 ገደማ) ደግሞ ነገሩን ወደ ሂሳብ አወረደው። ድርሰቱ 85 ምዕራፍ ነው፤ የአንዱ ርእስ እንጂ ይዘቱ አልተገኘም። ምዕራፍ 62 ስለ ሞት ነው፦ ከጥንት ጀምሮ የሞተው ከዛሬው ሕያው እጅግ ይበልጣል፤ ሙታን ሁሉ መንፈስ ሆነው ቢቀሩ መንገዱ በሙሉ ተሞልቶ በየእርምጃው አንዱ በተገኘ ነበር። ደግሞም መንፈስ አየን የሚሉ ሰዎች ልብስ ለብሶ ነው የሚያዩት። የሰውየው ነፍስ ቀረች ይባል፤ የልብሱ ነፍስ ከየት መጣ? እሳት ሲጠፋ ብርሃኑ ለብቻው አይቀርም። ስለ መብረቅ በጻፈው በምዕራፍ 23 ደግሞ «ሰማይ ኃጢአተኛውን ቀጣ» ለሚሉት የሬሳውን ምርመራ ያቀርባል፦ ጠጉሩ ተለብልቧል፣ ቆዳው ተቃጥሏል፣ የተቃጠለ ይሸታል፤ መብረቅ እሳት ነው።

ግን ተጠንቀቁ፤ ያው ዋንግ ቾንግ ዕጣ ፈንታ ገና ከፅንስ ጀምሮ ተወስኗል ብሎ አጥብቆ ያምን ነበር። መናፍስትን የካደ ሁሉ ዕጣ ፈንታን አይክድም። «ተጠራጣሪ» የሚለውን ስም ለሰውየው በሙሉ ከመስጠት የተጠራጠረውን ነገር ለይቶ መጻፍ ይሻላል።

ፋን ጄንን ሳልጠቅስ ማለፍ አልችልም። በ5ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ቡድሂዝም በቤተ መንግሥት ሲነግሥ «መንፈስ ይጠፋል» የሚል ድርሰት ጻፈ። ፍሬ ነገሩ፦ መንፈስ ለሥጋ ስለት ለቢላዋ እንደሆነው ነው፤ ቢላዋው ሳይኖር ስለቱ ቀረ ሲባል አልተሰማም። አሳቡን ቢተው ትልቅ ሹመት እንደሚያገኝ ሲነገረው «አሳብ ሽጬ ሹመት አልገዛም» አለ። በ507 የሊያንግ ሥርወ መንግሥት ንጉሠ ነገሥት ዉ ሹማምንቱን አስተባብሮ መልስ አስጻፈ፤ ከ60 በላይ ሰዎች ጻፉ። የሚገርመው፣ የእሱን ቃል ዛሬ ከምናገኝባቸው ቦታዎች አንዱ ተቃዋሚዎቹ ያሰባሰቡት የቡድሂስት መድብል ነው። ሊያፈርሱት ዓረፍተ ነገር በዓረፍተ ነገር ስለጠቀሱት ተረፈ።

ፍኖት፦

ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ። አሁን ሐሳቡ ገባኝ፤ ግጥሙ ላይ ግን እንደተቸገርኩ ነኝ። የታንግ ዘመኑ ገጣሚና ሹም ሃን ዩ በ819 ንጉሠ ነገሥቱ የቡድሃን አጥንት ወደ ቤተ መንግሥት ማስገባቱን ተቃውሞ ተሰደደ። ያው ሰው በ805 በጻፈው ግጥም ሄንግ ተራራ ላይ ጸልዮ ደመናው እንደተገፈፈ ይናገራል። አስመሳይ ነው ልበል? ገጣሚው ታኦ ዩዋንሚንግስ በየትኛው ወገን ነው?

ስንኝ ቆጣሪ፦

ለግጥም ሌላ ዓይን ያስፈልጋል። መጀመሪያ ርእሱንና ዓይነቱን እዪ፤ የቻይና ግጥም ርእስ ብዙ ጊዜ ለማን፣ የት፣ በምን አጋጣሚ እንደተጻፈ ይናገራል። «ከማይሞቱት ጋር መንሸራሸር» የሚባል የታወቀ የግጥም ዓይነት አለ፤ በዚያ የሚጽፍ ሁሉ ደመና ላይ ይወጣል፣ ወጉ ነው። ጻኦ ዢ (192–232) እንደዚያ ያሉ ግጥሞች አሉት። በ223 ለወንድሙ ለቢያኦ በጻፈው ባለ ሰባት ክፍል ግጥም ግን «የሰማይ ትእዛዝ በእውነት ያጠራጥራል፤ የማይሞቱትን መፈለግ ከንቱ ነው፣ ቀይ ጥድ የተባለው ሲያታልለኝ ኖሯል» ይላል፤ ቀይ ጥድ ከማይሞቱት አንዱ ነው። ሌላ ወንድማቸው በዋና ከተማው በድንገት ሞቶ፣ የተረፉት ሁለቱ በአንድ መንገድ አብረው እንዳይሄዱ ተከልክለው ሳለ የተጻፈ ነው። ከሁለቱ ድምፆች የትኛው «እውነተኛ» እንደሆነ መወሰን አይጠበቅብሽም፤ በየትኛው ወግ ውስጥ እንደተነገሩ ማወቅ ይበቃል።

ቀጥሎ ስሞቹን እንደ ምልክት ያዢ። በትርጉም ለሚያነብ ሰው ከዚህ የሚጠቅም የለም። ቦ ዪና ሹ ቺ የሚሉ ስሞች ካየሽ ጥያቄው የፍርድ ነው፦ ደግ ሰው ለምን ይጎዳል? ምንጩ የሲማ ቺየን ታሪክ 61ኛው ምዕራፍ ነው። እነዚህ ወንድማማቾች ለኅሊናቸው ብለው ሾውያንግ ተራራ ላይ በረሃብ ሞቱ፣ ያን ሁዪ በድህነት በወጣትነቱ ተቀጨ፣ ወንበዴው ጂ ግን ሰው እየገደለ ዕድሜ ጠገበ። ሲማ ቺየን «ሰማይ ሁልጊዜ ከደጋጎች ጋር ነው» የሚለውን አባባል ያነሳና «የሰማይ መንገድ የሚባለው ልክ ነው ወይስ ልክ አይደለም?» ብሎ ይተወዋል። ራሱ ላልሠራው ጥፋት ተሰልቦ የጻፈው ነው። ዕድሜው እጅግ ረዘመ የሚባለውን ፔንግዙን ወይም ቀይ ጥድን ካየሽ ጥያቄው ያለመሞት ነው። ማኦሊንግ የሚል የመቃብር ስም ካየሽ ያለመሞትን ሲያሳድድ የሞተው የሃኑ ንጉሠ ነገሥት ዉ ነው። ጂያ ዪ ካለ ደግሞ (ንጉሠ ነገሥቱ ስለ መናፍስት የጠየቀው ሊቅ ነው) ገዢው ሕዝቡን ትቶ ስለ መናፍስት ይጠይቃል የሚል ስላቅ ነው፤ ሊ ሻንግዪን በአራት ስንኝ የጨረሰው።

ታኦ (365–427) «ሥጋ፣ ጥላ፣ መንፈስ» በሚሉት ሦስት ግጥሞቹ ክርክሩን ለሦስት ተናጋሪ አካፈለው። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ 16 ስንኝ ናቸው፣ ሦስተኛው 24፤ ስንኙ ሁሉ ባለ አምስት ፊደል። ሥጋ፦ መሞቴ አያጠራጥርም፣ ወይን ካገኘህ እምቢ አትበል። ጥላ፦ ስም ከሥጋ ጋር ይጠፋል፣ ስለዚህ ደግ ሥራ፤ ወይን ከዚህ ጋር ሲነጻጸር ያንሳል። መንፈስ ሁለቱንም ይገሥጻል፦ በየቀኑ ስካር ዕድሜ ያሳጥራል፣ ደግነትም መልካም ነው፣ ግን ማን ያመሰግንሃል? በታላቁ ለውጥ ማዕበል ላይ ተለቀቅ፣ ደስታም ፍርሃትም አይኑርህ፤ ማብቃት ሲገባው ይብቃ። ልብ በይ፣ ነፍስ ከሥጋ በኋላ ትኖራለች የሚል ተናጋሪ ከሦስቱ አንድም የለም። ታኦ በኖረበት በሉ ተራራ አካባቢ መነኩሴው ሁዪዩዋን በ404 «ሥጋ ያልቃል፣ መንፈስ አይጠፋም» የሚል ክፍል ያለበት ድርሰት ጽፎ ነበር፤ ብዙ ሊቃውንት ግጥሞቹን እንደ ምላሽ ያነቧቸዋል። «ወይን መጠጣት» ከሚሉት ተከታታይ ግጥሞቹ በሁለተኛው ደግሞ የሲማ ቺየንን ጥያቄ በስም ያነሳዋል፦ ደግነት ዋጋ አለው ይላሉ፣ ቦ ዪና ሹ ቺ ግን ምዕራብ ተራራ ላይ ቀሩ፤ ክፉና ደግ የማይከፈላቸው ከሆነ ያ ሁሉ ቃል ለምን ተነገረ? ወገኑን ጠይቀሽኛል፦ በፍርድ በኩል ተጠራጣሪ ነው፣ ከሞት በኋላ ስላለው ደግሞ ጥያቄውን ራሱን ትቶታል።

አሁን ሃን ዩ። አስመሳይ አይደለም። የሄንግ ተራራ አምላክ መንግሥት ራሱ የሚሠዋለት፣ ከአምስቱ ታላላቅ ተራሮች የአንዱ ጌታ ነው፤ የቡድሃ አጥንት ግን በእሱ ዓይን የባዕድ ሰው ሬሳ ነው። በ819ኙ ደብዳቤ አጥንቱ በውሃና በእሳት ይጥፋ አለ፤ «ቡድሃ ኃይል ካለው መቅሠፍቱ ሁሉ በእኔ ላይ ይውረድ» ብሎም ፈተነው። የ805ቱን ግጥም ደግሞ ቃል በቃል እዪው። የመጸው ዝናብ ወቅት ነው፣ ተራራው በጉም ተሸፍኗል። በልቡ ይጸልያል፣ «መልስ ያገኘሁ ያህል» ሆነ ይላል፤ «ያህል» የምትለዋ ዋጋ አላት። ምክንያቱንም ለቅንነት ይሰጣል፦ ቀጥተኛ ልብ ሰማይን ይነካ ይሆን? ከዚያ የመቅደሱ ሽማግሌ ጠባቂ ይመጣል፤ ዓይኑን እያቁለጨለጨ፣ እያጎነበሰ። ሁለት የሟርት ቁራጮች ሰጥቶ ያስጥለዋል፣ «ከዚህ የሚበልጥ ዕጣ የለም» ይለዋል። ሃን ዩ ሲመልስ፦ ከስደት (ከ819ኙ የቀደመው ነው) በሕይወት ተርፌአለሁ፣ የምበላው የምለብሰው ካገኘሁ ይበቃኛል፤ የመሳፍንትነት ተስፋዬ ከተቆረጠ ቆይቷል፣ አምላኩ ሊባርከኝ ቢወድ እንኳ አይሳካለትም። ከዚያ ተኝቶ ንጋቱ ያመልጠዋል። ጸሎቱን አክብሯል፣ ባለሙያውን ጠባቂ ግን ታዝቦታል።

አንድ የተለመደ ስሕተት ልጨምር። ዱ ፉ በ759 በጻፈው «የሺንአን ሹም» የሚል ግጥም «ዓይናችሁ ደርቆ አጥንት ቢታይም፣ ሰማይና ምድር እስከ መጨረሻው ርኅራኄ የላቸውም» ይላል። ስንኙ ለብቻው ሲዞር የተስፋ መቁረጥ ሃይማኖት ይመስላል። ሙሉው ግጥም የተነገረው ለጦር የሚወሰዱ ልጆችን ለሚሸኙ ሰዎች ነው፤ የጥንት አንባቢዎችም «ሰማይና ምድር» ከተባለው ጀርባ ቤተ መንግሥቱን አይተዋል። መጨረሻው ስንኝ ደግሞ «ጄኔራሉ እንደ አባትና እንደ ወንድም ነው» የሚል ማጽናኛ ነው። ሰማይ ያልሰጠውን ከአዛዡ ይለምናል። በቁርጥራጭ የተጠቀሰ ስንኝ ስታዪ መጨረሻውን ሳታነቢ አትፍረጂ።

በግጥም ውስጥ «አለ ወይ?» የሚለውን ጥያቄ በቀጥታ ማየት ከፈለግሽ ሊ ሄ (790–816) አለ፤ «የቀኑ ማጠር» በሚለው ግጥሙ «መለኮታዊው ጌታ የት አለ? ታላቁ አንድ ከየት ይገኛል?» ይላል። ከዚያ ሁለት ንጉሠ ነገሥታትን ይጠራል፤ የአንዱ አጥንት ማኦሊንግ ቀርቷል፣ የሌላው፣ የመጀመሪያው የቺን ንጉሠ ነገሥት፣ የሬሳ ሣጥን ጨው የገባ ዓሣ አባክኗል። በ210 ቅ.ል.ክ. በመንገድ በሙቀት ወራት ሲሞት ሽታው እንዳይታወቅ ሠረገላው ላይ ዓሣ ተጭኖ ነበርና።

ቀርከሃ፦

ስንኝ ቆጣሪ ያለመሞትን ነገር ስላነሳ ትንሽ ልጨምር፤ ጥርጣሬው እዚያ የመጣው ከመጽሐፍ ሳይሆን ከሬሳ ነው። ሃን ዩ በ823 ለሞተ አንድ ባለ ሥልጣን በጻፈው የመቃብር ጽሑፍ የመድኃኒቱን አሠራር ያስቀምጣል፦ ባለ እግር ድስት በእርሳስ ይሞላል፣ መሐሉ ይቦረቦርና ሜርኩሪ ይጨመርበታል፣ ዙሪያው ይታሸጋል፣ ተቃጥሎ ወደ ቀይ ዱቄት ይለወጣል ይባላል። ሰውየው ከዋጠው በኋላ ደም ይፈሰው ጀመር፣ አራት ዓመት እየባሰበት ቆይቶ በ48 ዓመቱ ሞተ። የእርሳስና የሜርኩሪ መመረዝ ነው። ሃን ዩ እምነቱ ለምን እንደማይሞትም ያያል፦ ተከታዮቹ «የሞቱት ዘዴውን ስላላወቁ ነው፣ እኔ ግን አውቃለሁ» ይላሉ፤ ሲታመሙ «መድኃኒቱ እየሠራ ነው» ይላሉ፤ የሚጸጸቱት ሊሞቱ ሲሉ ነው። ባይ ጁዪ ደግሞ በ809 ከጻፋቸው ግጥሞች በአንዱ በሌላ በኩል መጣ፦ የዳኦይዝም አባት የሚባለው የላኦዚ አምስት ሺህ ቃል ስለ መድኃኒት አይናገርም፣ ስለማይሞቱት አይናገርም፣ በቀን ብርሃን ወደ ሰማይ ስለ መውጣትም አይናገርም።

ሊው ዩሺም (772–842) ሊረሳ አይገባም። በሦስት ክፍል ስለ ሰማይ በጻፈው ድርሰት ሰዎች መቼ ሰማይን እንደሚጠሩ በጀልባ ያስረዳል። እንደ ዪና ሉዎ ባሉ ትንንሽ ወንዞች ላይ ፍጥነቱም ማረፊያውም በቀዛፊው እጅ ነው፤ ጀልባው ውስጥ ሰማይን የሚያነሳ የለም፣ ምክንያቱ ግልጽ ነውና። በታላላቆቹ ወንዞችና በባሕር ላይ ግን መድረስም መስጠምም ከሰማይ ነው ይላሉ፣ ምክንያቱ ስለማይታያቸው። ይህንኑ ወደ አገር ያመጣዋል፦ ሕግ ሲሠራ ሽልማቱና ቅጣቱ ከየት እንደመጣ ስለሚታወቅ ሰው «ሰማይ ምን አገባው?» ይላል፤ ሕግ ሲላላ ግን ሁሉን ለሰማይ ይሰጣል። የ1,500 ዓመቱን የሰማይ ክስ ሁሉ በዚህ አይፈታም፤ «ቢጫዋ ወፍ» ውስጥ ገዳዩ ማን እንደሆነ በደንብ ይታወቃልና። ቢሆንም ከማውቀው ማብራሪያ የተሻለው ነው።

ዘመነ ሃን፦

ለፍኖት ስለ ንባብ ቅደም ተከተል። ከሺጂንግ 131፣ 193፣ 235ንና 258ን፤ ከዚያ ሉንዩ ክፍል 3፣ 7ንና 11ን፤ ከዚያ የሹንዚን ምዕራፍ 17። ከጁዋንግዚ ምዕራፍ 6 መጨረሻውን ብቻ፦ አሥር ቀን ሲዘንብ ዚ ሳንግ በረሃብ ተኝቶ «አባት ነው? እናት ናት? ሰማይ ነው? ሰው ነው?» እያለ ይዘምራል፤ እንዲህ ያደረገኝን ፈልጌ አጣሁት ይላል። የቹ ዩዋንን «የሰማይ ጥያቄዎች» መጨረሻ ላይ አቆዪው። ከ170 በላይ ጥያቄ አለው፣ አንድም መልስ የለውም፣ ያለ ማብራሪያ ከገባሽበት በስሞች ብዛት ትሰጥሚያለሽ። ይህ ግጥም ካለበት ቹ ጺ ከተባለው መድብል «ሟርት መጠየቅ» የሚለው አጭር ነው፣ ከእሱ ጀምሪ፤ ጠያቂው ቀና ልሁን ወይስ አጎብዳጅ እያለ ጥንድ በጥንድ ሲደረድር ሟርተኛው ዘንጎቹን አስቀምጦ «ዘንጉም ኤሊውም ይህን ሊያውቁ አይችሉም» ይለዋል።

ቁጥሮቹ እንዳያምታቱሽ፦ የሉንዩ አንቀጽ ቁጥር ከእትም እትም በአንድ ወይም በሁለት ይለያያል፤ እዚህ 7.21 ያልነው በአንዳንዱ 7.20 ነው። ሺጂንግም 305 ግጥም ቢኖረው 311 ርእስ የሚቆጥሩ እትሞች አሉ፤ ስድስቱ ቃላቸው የሌለ ርእስ ብቻ ናቸው። የተሰጠሽ ቁጥር ሌላ ግጥም ላይ ካደረሰሽ ርእሱን ፈልጊ።